ወደ ቦኬ፣ ለአዳዳ ሐሊማ ጉዛ

ከእረፍት ስመለስ የመምህራን ክፍል ውስጥ ያሉ ባልደረቦቼ መጀመሪያ ያዩት እጄን ነው። ከጠመኔ በቀር ምንም የማያውቅ እጅ ውኃ ቋጥሮ፣ ፈንድቶ፣ ደርቆ ሲያዩ አንዷ «ምነው ዘሃራ፣ እሳት ነው?» አለችኝ። ጭቃ ነው ስላት ሁሉም ሳቁ። የሴሚስተሩን እረፍት ዘመድ ጋ ያሳለፈ ብዙ ነው፤ ግድግዳ ሲመርግ የከረመ ግን ከእኔ ሌላ አልተገኘም። ደብረ ብርሃን ተቀምጦ ምዕራብ ሐረርጌን የሚያውቅ ሰውም ጥቂት ነው። ሐረርን በግንቡ፣ ድሬዳዋን በሙቀቱ ይጠሩና በመካከል ያለውን አገር አውቶቡሱ ላይ ተኝተው ያልፉታል። ለእነሱ ስል ከመጀመሪያው ልጀምር።

አዳዳ በኦሮምኛ የአባት እህት ማለት ነው። ሁለት ዓመት ሳይሞላኝ እናቴ ሞተች። አባቴ የጭነት መኪና ሹፌር ነበርና ሕፃን ይዞ መዞር ስለማይችል ቦኬ ላለችው እህቱ፣ ለአዳዳ ሐሊማ ሰጠኝ። የሌላው ወንድማቸው ልጆች፣ ሙክታርና ፈቲያም እዚያው ነበሩ። የአዳዳ የራሳቸው ልጅ ጀማል ሲጨመር አራት ሆንን። አዳዳ ባላቸው ቀድሞ ሞቶባቸው ስለነበር አራታችንን በማሽላና በጥቂት የጫት እግር ብቻቸውን ነው ያሳደጉን። አሥራ አራት ዓመት ሲሞላኝ አባቴ ደብረ ብርሃን ሥራ አገኘና ወሰደኝ። አሁን ሃምሳ አንድ ዓመቴ ነው። ቦኬን ለመጨረሻ ጊዜ ከረገጥኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኝ ነበር። እዚህ ላይ ምክንያቶቼን ልደረድር አስቤ ነበር፤ ተውኩት። አልሄድኩም፣ በቃ።

ባለፈው ክረምት የአዳዳ ቤት የጓሮ ግድግዳ በዝናብ ተደረመሰና ጣሪያው ወደ አንድ ጎን ጎበጠ። ጀማል ጭሮ ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ከተማ ገብተው ከእኔ ጋር ይኑሩ አላቸው። እምቢ አሉ። ጎረቤቶቹ በጉዛ እንሥራልዎት አሉ። ጉዛ እኛ እዚህ ደቦ የምንለው ነው። አዳዳ እሱንም እምቢ አሉ፤ ምክንያቱም ጉዛ ይመለሳል። ዛሬ ቀኑን የሰጠህ ሰው ነገ ሲጠራህ አንተም ሄደህ ማሳው ውስጥ ትጎነበሳለህ። በሰባ ስምንት ዓመታቸው የማንንም አረም ማረም አይችሉም፤ መመለስ የማይችሉትን ቀን ደግሞ ከማንም አይወስዱም።

እኔ ይህን በስልክ ስሰማ ብልህ የሆንኩ መሰለኝ። በሰው በሰው አንድ ግንበኛ አፈላልጌ ላክሁላቸው። አዳዳ ምሳ አብልተው፣ መርቀው መልሰው ሸኙት። ከዚያ በጎረቤት ስልክ ደወሉልኝ።

«ዘሃራ፣ እኔ አራታችሁን ሳሳድግ ጉዛዬን ጨርሻለሁ» አሉኝ። «አሁን ተራው የእናንተ ነው። ተራሽን በሰው እጅ ትልኪዋለሽ እንዴ?»

በመጨረሻ ሽማግሌዎች ገቡና እናትና ልጅን አስማሙ። ጥር ውስጥ በአንድ ቅዳሜ አራታችንም ተገኝተን ፀሐይ ሳትገባ ግድግዳውን ካቆምን አዳዳ ቤታቸው ይቀራሉ። ካልቆመ እሁድ ጠዋት ጀማል ዕቃቸውን ጭኖ ወደ ጭሮ ይወስዳቸዋል። አዳዳ ተስማሙ። እሳቸው ቃል ሰጡ ማለት አለቀ ማለት ነው።

ማክሰኞ

ሰኞ አዲስ አበባ አድሬ ማክሰኞ ማለዳ አውቶቡስ ተሳፈርኩ። ደብረ ብርሃንን ስለቃት ውርጩ ሣሩን ነጭ አድርጎት ስለነበር የለበስኩትም ለዚያ ነው፤ ሁለት ሹራብ፣ ከላይ ካፖርት። አዳማ ላይ ካፖርቱን አወለቅሁ፣ መተሐራ ላይ አንዱን ሹራብ፣ አዋሽ ላይ ሌላውን። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ በየከተማው ሳወልቅ ሲያዩ ቆይተው «ልጄ፣ ጭሮ ስንደርስ ምን ሊተርፍሽ ነው?» አሉኝ።

ሚኤሶ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን የመኪናው ቺንጋ ተበጠሰና ሞተሩ ፈላ። ሹፌሩ ወርዶ ካየ በኋላ ቺንጋው ከጭሮ ካልመጣ እንደማይሆን፣ ዛሬ መምጣቱንም እንደሚጠራጠር ነገረን። በደብረ ብርሃን በኩል መኪና ሲበላሽ ተሳፋሪው ወርዶ የሚፈልገው ፀሐይ ነው። እዚህ ግን ሁላችንም ከመኪናው ጥላ ለመግባት ተጋፋን፤ ጥላዋም የምትበቃው ለግማሻችን ነበር። ከብዙ ጥበቃ በኋላ አንድ የጭነት መኪና ቆሞ ሴቶቹን ጋቢና አስገባና ሚኤሶ አደረሰን።

ሚኤሶ መኪና የሚቆምባት፣ መኪና የሚነሳባት የቆላ ከተማ ናት። በቆላው ዝናብ ጠፍቶ ማሽላው ሳያፈራ መድረቁን ከመስኮት ሳይ ነው የመጣሁት፤ ከብቶቹም ጎድናቸው ይቆጠራል። ሻንጣዬን ይዤ አንዲት ሻይ ሻጭ ዳስ ውስጥ ገባሁ። ስሟ አሻ ነው፤ እኩያዬ ትመስላለች። በኦሮምኛ ሰላም ስላት ሻዩን መቅዳት ትታ አየችኝና ሳቀች። ለካ ከቦኬ ከወጣሁ ወዲህ በደንብ የማወራበት ሰው ስላጣሁ ኦሮምኛዬ አሥራ አራት ዓመቱ ላይ ቆሟል። ፀጉሯ የሸበተ ሴትዮ አፏን ስትከፍት የምትናገረው እንደ ልጃገረድ ነው። አሻ ጎረቤቶቿን ጠርታ እንደገና አናገረችኝ።

የመኝታ ክፍሎቹ ሁሉ በሹፌሮች ተይዘው ስለነበር አሻ ወደ ቤቷ ወሰደችኝ። ከማያውቁት ሰው ቤት ማደሩ ከብዶኝ ስግደረደር ሻንጣዬን ብድግ አድርጋ ቀድማኝ ሄደች። ትኩስ የግመል ወተት በትልቅ ጣሳ ሰጠችኝ። በልጅነቴ እየተሻማሁ የጠጣሁት ወተት ነው ብዬ እስከ ታች ጨለጥኩት። ሆዴ ግን ከቦኬ ከወጣሁ ጀምሮ የደብረ ብርሃን ሆድ ሆኗል፤ ከዚያ በኋላ ስለሆነው ብዙ አልጽፍም። አሻ ሳትስቅብኝ አስታመመችኝ፤ ለባሏ ያሰናዳችውን አጥሚትም ለእኔ ሰጠችኝ።

ጠዋት ወዴት እንደምሄድ ስነግራት ቀሚሴን ከላይ እስከ ታች አየችና በዚህ ነው ጭቃ የምትረግጪው አለችኝ። ገብታ አንድ አሮጌ ድሪያ አመጣች፤ እዚያ አገር ሴቶች ለሙቀቱ የሚለብሱት ስስና ሰፊ ቀሚስ ነው። ልክፈል ስላት ተቆጣች። አዳዳሽ ቤታቸው ከቀሩ ደውለሽ ንገሪኝ፣ ሌላ አልፈልግም አለችኝ።

ረቡዕ

ከሚኤሶ ወደ ጭሮ መንገዱ ዳገት ነው። ግማሽ ሰዓት ሳንሄድ አየሩ ተለወጠ፤ መስኮት የከፈቱት ሁሉ መዝጋት ጀመሩ። እኔ ግን ፊቴን አውጥቼ ነው የሄድኩት። በየተራራው ወገብ የተደረደረው የጫት እርከን፣ ከሥሩ የማሽላው አገዳ ክምር፣ ሁሉም እንደተውኩት ነበር። ጭሮ ግን እንደተውኳት አልጠበቀችኝም። በልጅነታችን፣ በድሮ ስሟ አሰበ ተፈሪ እያልን ፈረስ የምናይባት አውራ ጎዳና በባጃጅ ተሞልታለች፤ ከመናኸሪያ እስከ ሙክታር ቤት የወሰደኝ ባጃጅ ዳገቱን እየተነፋረቀ ነው የወጣው።

ሙክታር የጫት ነጋዴ ሆኗል። በልጅነቱ ከሁላችን ቀጭን ነበር፤ አሁን ሆዱ ከእሱ ቀድሞ ነው በር የሚወጣው። ሁለት ስልክ በሁለት ጆሮው ይዞ ነበር። ሲያየኝ ሁለቱንም ዘጋ፤ ሚስቱ እንደነገረችኝ ይህ በትዳራቸው ዘመን ተደርጎ አያውቅም። ፈቲያ ከድሬዳዋ ቀድማኝ ደርሳለች፤ ጨርቅ ትነግዳለች። ሦስታችን ተያይዘን በሩ ላይ እንዳለቀስን ምሳው ቀዘቀዘ።

ሩዝና በአብሽ የተሠራ ሑልበት ቀረበ። ደብረ ብርሃን ላይ አብሽ ለአራስ የሚሰጥ መድኃኒት ነው፤ እዚህ በጣት የሚጠረግ ወጥ ነው። እየበላን ልጅነታችንን መዘርዘር ጀመርን፤ ወዲያው ተጣላን። ማሽላው ሲያሽት አዳዳ በተራ ማማ ላይ እያወጡን ወፍ በወንጭፍ እንጠብቅ ነበር። አንድ ቀን ከአራታችን አንዱ እንቅልፍ ወስዶት ወፎቹ ግማሹን ማሳ ጨረሱት። አዳዳ አልተቆጡም፣ አልመቱም። ማታ የጥፋተኛውን እራት አንስተው ደጅ ላይ በተኑትና «እንግዶች ናቸው፣ ይብሉ» አሉ። ይህን ሁላችንም እናስታውሳለን። የተኛው ማን እንደነበር ግን እኔ ሙክታር ነው እላለሁ፣ ሙክታር ዘሃራ ናት ይላል፣ ፈቲያ ደግሞ እሷ ራሷ እንደነበረች ትምላለች። በዚያ ማታ የራሱን እራት ደብቆ ያካፈለው ጀማል መሆኑ ላይ ብቻ ተስማማን።

ጀማል ከሥራ ሲወጣ መጣ። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል፤ አቀፈኝ፣ ግን ቶሎ ለቀቀኝ። ከአሥር ቀን በፊት ደውዬ አንድ ነገር ለምኜው ነበር። የግድግዳ ጭቃ ከጭድ ጋር ተረግጦ ቢያንስ ሦስት ቀን ካልቦካ ሲደርቅ ይሰነጠቃልና እኛ እስክንደርስ እንዲያስቦካልን ነበር የለመንኩት። ጭቃውስ አልኩት። አላስቦካሁም አለ። ደሜ ፈላ። ሆን ብለህ ነው፣ ግድግዳው እንዳይቆም ነው የፈለግከው ብዬ ክፍል ውስጥ ተማሪ እንደምቆጣው ጮህኩበት። እስክጨርስ ጠበቀኝ።

«ትመጣላችሁ ብዬ አላመንኩም» አለ። «በየሳምንቱ ዓርብ እየሄድኩ በሕይወት መኖራቸውን የማየው እኔ ነኝ። ክረምቱን ዝናብ በጣለ ቁጥር ግድግዳው ላያቸው ላይ ወደቀ እያልኩ ያልተኛሁት እኔ ነኝ። እናንተ በስልክ ነው የምትወዷቸው።»

ሙክታር እንኳን፣ ከዚያው ከጭሮ እየኖረ፣ ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ። ጀማል እሁድ ጠዋት የሚመጣ አይሱዙ መከራየቱን ነግሮን ሄደ። ለመጀመሪያ ጊዜ የመጣሁት ለአዳዳ ነው ወይስ ራሴን ጥሩ ሰው ለማድረግ ብዬ ራሴን ጠየቅሁ፤ መልሱ ደስ አላለኝም።

ሐሙስ

ሐሙስ የቦኬ ገበያ ስለነበር ሚኒባሱ ከሰው ይልቅ ዕቃ ነው የጫነው። እኔ አንድ ጆንያ ሽንኩርት ታቅፌ፣ እግሬን ሁለት ዶሮዎች ላይ እንዳላሳርፍ ተሰቅዬ ሄድኩ። በደሳ ከተማን ካለፍን በኋላ መንገዱ ኮረኮንች ነው። ሙክታር ጎማችን ሲተነፍስ ወርዶ ልግፋ ብሎ ጫማው ተገነጠለ፤ ቦኬ ገበያ ላይ የላስቲክ ጫማ ገዝቶ እስከ መጨረሻው በእሱ ሰነበተ።

አዳዳ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። እንዲህ አጭር መሆናቸውን አላስታውስም ነበር። ከዘራቸውን በፊት ለፊቱ ግድግዳ አስደግፈው እጆቻችንን አንድ በአንድ እየገለበጡ መዳፋችንን አዩ፤ የእኔን ሲያዩ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በኋላ ነው ያቀፉን። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የት ነበርሽ አላሉኝም። ቢሉኝ ይቀለኝ ነበር።

ቤቱን ዞረን አየን። የጓሮው ግድግዳ የለም ማለት ይቻላል፤ ክፍተቱን በማሽላ አገዳ ሸፍነውት ነው የሚያድሩት። ፈቲያ ተንበርክካ ጭቃ እንዳላስቦካን፣ ጥፋቱ የሁላችንም እንደሆነ ነገረቻቸው። አዳዳ ከዘራቸውን ይዘው ወደ ጓሮ መሩን። አንድ የአገዳ ክምር በከዘራው ጫፍ ገለጥ አደረጉ። ከሥሩ ሰፊ ጉድጓድ፣ ጉድጓዱ ሙሉ ጭቃ ነው። ሽታው መጣ፤ በደንብ የቦካ ጭቃ ሽታ። ጭዱ በእኩል ተደባልቋል፣ ላዩ እንዳይደርቅ ተሸፍኗል።

ማን ሠራው ብለን ጠየቅን። ራሳቸው ናቸው። ውኃው ከጉድጓድ ነው የሚቀዳው፣ መንገዱም ሩቅ ነው፤ በትንሽ ጄሪካን ግማሽ ግማሽ እያደረጉ ከሁለት ሳምንት በፊት ጀምረው አመላለሱት። የረገጡትም ከዘራቸውን ተደግፈው፣ በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ነው። ሙክታር ጀማልስ በየዓርቡ ሲመጣ አላየም ወይ አላቸው።

«እሱ ፊት ለፊቱን አይቶ ነው የሚሄደው፣ ጓሮ አይዞርም» አሉ። «ልጆቼ እንደሚመጡ አውቃለሁ። መምጣታችሁን እኔ ካላወቅሁ ማን ያውቃል?»

እዚያው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ያፈርኩበት ማልቀስ አልነበረም፤ ደስታ ነው። ከነጥፋቴ የታመንኩበት ቤት ነበረኝ።

ዓርብ

ቀኑ አጭር ነበር፤ ጀማልም በዚህ ዓርብ አልመጣም። እስከ ጁምዓ ድረስ የበሰበሱትን ምሰሶዎች ነቀልን፤ ከሶላት በኋላ ሙክታር የባሕር ዛፍ እንጨት አስመጥቶ ጉድጓድ ቆፈርን። እሱ ሁለት ጊዜ ቆፍሮ ሦስት ጊዜ ያርፋል። ቁርሳችን የማሽላ ገንፎ፣ ከቡና ገለባና ከወተት የተፈላው ሆጃም አብሮት ነበር፤ ጨው ያለበት ነው፤ የደብረ ብርሃን ምላሴ መጀመሪያ ተገረመ፣ ሁለተኛውን ስኒ ግን ራሱ ጠየቀ። ከሰዓት በኋላ መዳፌ ውኃ ቋጠረ። ፈቲያ ቅቤ ቀባችኝ፤ አዳዳ አይተው ነገ ይጠነክራል አሉ። አልጠነከረም።

ቅዳሜ

የአሻን ድሪያ ለበስኩ፤ ገና ማለዳ ጀመርን። ጀማል ቃሉን ጠብቆ መጣ፤ ከአራታችን አንዱ ነውና መገኘት አለበት። ፈቲያ እጁን ይዛ ጓሮ ወሰደችና ጉድጓዱን አሳየችው። ቆሞ አየው። ከዚያ ሸሚዙን ሳያወልቅ እጅጌውን ብቻ ሰብስቦ እንጨት ማቀበል ያዘ።

ሥራው ከባድ ነው። እንጨቱ ይተከላል፣ ማገሩ በልጥ ይታሰራል፣ ከዚያ ጭቃው ከውስጥም ከውጭም እኩል ይመረጋል። ሠላሳ ዓመት ያስተማርኩት ጂኦግራፊ ለልጥ ማሰር አይረዳም። ያሰርኩት ይፈታል፤ ሙክታር ያቆመው ጋደል ይላል፤ ፈቲያ ብቻ ነች እጇ ያልረሳው። ረፋዱ ላይ የመንደሩ ሰው መጥቶ ከቤቱ ፊት ካለው ዋንዛ ሥር ተቀመጠ። አሥር፣ ከዚያ ሃያ ሆኑ። ማንም አልተነሳም። ያልጠሩት ሰው ጉዛ ውስጥ አይገባም፤ ቢገባ ባለቤቷን በግድ ባለዕዳ ማድረግ ነው፣ ነውርም ነው። አዳዳ ደግሞ አይጠሩም። ስለዚህ እነሱ ያዩናል፣ እኛ እንጋደላለን።

ለቀትሩ የዙህር ሶላት ስንቆም ግድግዳው ሲሦ እንኳን አልሞላም። ለሁላችንም ግልጽ ነበር፤ አንደርስም። የእኔ መዳፍ ፈንድቶ ጭቃው ላይ ደም ይታያል። ሙክታር መሬት ላይ በጀርባው ተዘርግቶ ሰማይ ያያል። አዳዳ በር ላይ ተቀምጠው የሳጥናቸውን ቁልፍ በእጃቸው ያገላብጣሉ፤ ቃል ሰጥተዋልና ነገ ሊሄዱ እየተዘጋጁ መሆናቸው ገባኝ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ እንሸነፋለን ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። አስተማሪ ነኝ፤ ለፈተና የመጣ ሁሉ የሚያልፍ ይመስለኛል።

ያን ጊዜ ጀማል ተነሳ። የሸሚዙን ቁልፎች አንድ በአንድ ፈታ፣ አወለቀ፣ አጣጥፎ ድንጋይ ላይ አስቀመጠ። በካናቴራ ወደ ዋንዛው ሄዶ ሽማግሌዎቹ ፊት ቆመ።

«ጉዛ ጠርቻለሁ» አለ፣ ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «በእናቴ ስም አይደለም። በእኔ ስም ነው። የምመልሰው እኔ ነኝ።»

የመንደሩ ሽማግሌ ሼህ አደም ከመቀመጫቸው ሳይነሱ ጠየቁት፤ በመንደሩ ሁሉ ፊት መጠየቅ አለበትና። የመንግሥት ሠራተኛ አይደለህም ወይ፣ አረም ሲደርስ ቢሮህን ምን ታደርገዋለህ አሉት።

«ቢሮው ቅዳሜና እሁድ ይዘጋል» አለ ጀማል።

ሼህ አደም አዳዳን አዩ። አዳዳ አልተቃወሙም፤ ጉዛው የሳቸው አይደለም፣ ዕዳውም የሳቸው አይደለም። ሽማግሌው ቢስሚላህ ብለው ከዘራቸውን ጥለው ተነሱ። እሳቸው ሲነሱ ሁሉም ተነሳ።

ከዚያ በኋላ ያየሁትን መጻፍ እወዳለሁ። ወንዶቹ በአንድ ዜማ እየተቀባበሉ እንጨት ያቆማሉ፤ ልጥ የሚያስሩት እጆች አይታዩም፣ የታሰረው ብቻ ነው የሚታየው። ሴቶቹ በሁለት ረድፍ ሆነው ጭቃውን እያድበለበሉ ከእጅ ወደ እጅ ይወረውራሉ። እኔን ከመካከላቸው አስገቡኝ፤ ከዚህ ተቀብዬ ለዚያ ማቀበል ብቻ ነው፣ እሱን ችያለሁ። ሙክታር ነፍስ ዘርቶ ዜማውን መምራት ጀመረ፤ ድምፁ እንደ ልጅነቱ ነው፤ ስልኮቹ ድንጋዩ ላይ ሲጮኹ ማንም አላያቸውም። ጀማል ጣሪያውን በትከሻቸው ደግፈው ከያዙት ከአምስቱ አንዱ ነበር። ጣሪያው ቀና ሲል ሁሉም በአንድ ድምፅ ጮኸ፤ እኔም ጮህኩ። ደብረ ብርሃን ላይ የሚያውቀኝ ሰው ያንን ጩኸት ከእኔ አይጠብቅም።

የከሰዓት በኋላው የአስር ሶላት ተሰግዶ ጥቂት እንደቆየ የመጨረሻው ጭቃ ተለጠፈ፤ ፀሐይ ገና ከተራራው በላይ ነበረች። ሼህ አደም ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉትና ቆሟል አሉ። አዳዳ በዝግታ ገብተው ከውስጥ አዩት፣ ወጥተው ከውጭ አዩት፣ አልሐምዱሊላህ አሉ። ከዚያ ቁልፋቸውን አንገታቸው ላይ መልሰው አሰሩ።

እሁድ

አይሱዙው በሰዓቱ መጣ። ሹፌሩ የሚጫነው ዕቃ የታለ ብሎ ሲጠይቅ ሙክታር እኛን እንዲጭን ነገረውና ወደ ጭሮ መመለሻ መኪና አገኘን። ከመሄዳችን በፊት ግን መንደሩ እንደገና ዋንዛው ሥር ተሰበሰበ፤ ጉዛ ካለቀ በኋላ ማን ለማን መቼ እንደሚመልስ ይነገራል። አሥራ አንድ ቤት ነው የመጣው። ሙክታር ሳይጠየቅ ከጀማል ላይ ሦስቱን ወሰደ፤ ሆዱን ያዩ ሰዎች ሳቁ፣ እሱም ሳቀ። ፈቲያ ሁለት ወሰደች። እኔም ሁለት፤ ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቦኬ መጥቼ ማሽላ አርማለሁ ብያለሁ። ቃል ሰጥቻለሁ፣ ያውም ምስክር ፊት። ስመለስ ሚኤሶ ላይ አሻም ስትሰማ ያን ጊዜ እኔ ጋ ታድሪያለሽ ብላኛለች።

የቀሩት አራት ቤቶች የጀማል ናቸው። ሼህ አደም አንድ በአንድ ነገሩት፤ የመጀመሪያው ለበልግ እርሻ፣ ሁለተኛው ለአረም፣ ሦስተኛው የእርከን ጥገና፣ የመጨረሻው አጨዳ። በየወቅቱ መምጣት፣ በየወቅቱ ማደር ነው። ጀማል እያንዳንዱን ኢንሻአላህ እያለ ተቀበለ። እጁ ላይ የደረቀውን ጭቃ ገና አልታጠበውም ነበር።

አይሱዙው ላይ ወጥተን ሞተሩ ተነሳ። ጀማል እንዲወጣ ቦታ አበጀንለት። እግሩን መወጣጫው ላይ አደረገ፣ ወደ እናቱ ዞሮ አየ፣ አወረደው። ሰኞ ጠዋት በመጀመሪያው መኪና እመጣለሁ፣ ዛሬ እዚህ አድራለሁ አለን። አዳዳ በሩ ላይ ቆመው ሰሙት።

«እኔን ልትወስድ መጥተህ አንተው ቀረህ» አሉት፤ በሩንም ከፈቱለት።